የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ፦ ከመቁጠር እስከ መቀበል

«ፈቃድ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ፈቃድ ሲባል አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ደስ ካለው ይሰጣል። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ሰው የዓመት ፈቃድ ሊጠይቅ አለቃው ቢሮ ሲገባ ብድር እንደሚለምን ሰው አንገቱን የሚደፋው። ሕጉ ግን ነገሩን እንዲህ አያየውም። የዓመት ፈቃድ እንደ ደመወዝ ሠርታችሁ ያገኛችሁት ነው። አለቃችሁ ድርሻ ያለው «መቼ ይወሰድ» በሚለው ላይ ነው። «ይገባል ወይስ አይገባም» የሚለውን ሕጉ ጨርሶታል።

እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ የግል ድርጅት ስለቅ «ፈቃድህ ተቃጥሏል» ተባልኩ። በየዓመቱ «ሥራ በዝቷል፣ ለከርሞ ትወስዳለህ» ሲሉኝ እሺ እያልኩ ነበር የኖርኩት። ያን ሁሉ ሲሉኝ አንድም ወረቀት በእጄ አልያዝኩም። እረፍቱም ቀረ፣ ገንዘቡም ቀረ። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ሰው ሥራ ሲለቅ ቁጭ ብለን አብረን እናሰላለን፣ ደብዳቤውንም አብረን እናረቃለን። ቀጥሎ ያለው በዚያ መንገድ የተማርኩት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሕጉ እናንተን ይመለከታል?

የማወራው ስለ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በግል ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በባንክ፣ መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ወይም በመንግሥት የልማት ድርጅት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ የእናንተ ሕግ ይህ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አላቸው፤ የቀኑ ቁጥርም የተለየ ነው። አዋጁ «የሥራ መሪ» የሚላቸውን፣ ማለትም ድርጅቱን ወክለው የመቅጠር፣ የማሰናበትና መሰል ሥልጣን ያላቸውን ኃላፊዎች አይመለከትም። የቤት ሠራተኞችንም እንዲሁ ከውጭ አድርጓቸዋል። ይህ ሁለተኛው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ እረፍት የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር እነሱ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ሥራ አስኪያጅ» ወይም «ማናጀር» የሚል ማዕረግ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርጋችሁም። የሚታየው በተግባር ያላችሁ ሥልጣን ነው። ሰው መቅጠርም ማሰናበትም ሳትችሉ በማዕረጋችሁ ብቻ «አንተን አይመለከትህም» ከተባላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ደረጃ 1፦ የሚገባችሁን ቀን ቁጠሩ

በአዋጁ አንቀጽ 77 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። በተግባር እንዲህ ይሄዳል፦ 1ኛና 2ኛ ዓመት 16 ቀን፣ 3ኛና 4ኛ ዓመት 17፣ 5ኛና 6ኛ ዓመት 18፣ 7ኛና 8ኛ ዓመት 19፣ እያለ ይቀጥላል። ነባር ሠራተኞች «በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል» ሲሉ ብትሰሙ ከቀድሞው አዋጅ 377/1996 ይዘውት የቀሩት ነው። ያኔ መነሻው 14 ቀን ነበር፤ ጭማሪውም በየዓመቱ ነበር።

ይህ ዝቅተኛው ነው። የኅብረት ስምምነት (ሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት)፣ የሥራ ደንብ ወይም የቅጥር ውላችሁ ከዚህ በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚህ በታች ግን አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህን ወረቀቶች አውጥታችሁ እዩ። ሠራተኛ ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነቱን ኮፒ ከማኅበሩ ጠይቁ። በተለይ አደገኛ ወይም ለጤና ጎጂ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ተጨማሪ ቀን እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

«የሥራ ቀን» የሚለውን ቃል አትለፉት። የሳምንት እረፍታችሁና የሕዝብ በዓላት ከፈቃዱ ላይ አይቆጠሩም። ታኅሣሥ 27 ፈቃድ የወጣ ሰው ገናም ጥምቀትም በፈቃዱ መሃል ይገቡለታል፤ ሁለቱም ቀን ከፈቃዱ ላይ አይቀነስም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የምትሠሩ ከሆነ አቆጣጠሩን የሥራ ደንቡ ላይ አረጋግጡ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ዓመት ያልሞላችሁም ብትሆኑ ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። የመጀመሪያው ፈቃድ የሚወሰደው ዓመት ሲሞላ ነው። ሥራው ከዚያ በፊት ቢቋረጥ ግን በሠራችሁበት ጊዜ ልክ ይታሰብላችኋል። 5 ወር የሠራ ሰው 16ን ለ12 አካፍሎ በ5 ያባዛል፤ ወደ 6.7 ቀን ይመጣል። 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር አገልግሎት ይቆጠራል። የሙከራ ጊዜም አገልግሎት ነው። ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ከሌላ ጋር ቢዋሃድም የቅጥር ውላችሁ አይለወጥም፤ አዲሱ ባለቤት «ከእኔ ጋር የጀመርከው ዘንድሮ ነው» ሊላችሁ አይችልም።

ደረጃ 2፦ ያላግባብ የተቀነሰ ቀን ካለ ለዩ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ እኔ ብዙ ቀን ተመልሶ ያየሁት ግን እዚህ ነው። የፈቃድ መዝገባችሁን ስታዩ «ሠርግ 3 ቀን»፣ «ለቅሶ 3 ቀን»፣ «ታማ የቀረችበት» እየተባለ ከዓመት ፈቃድ ላይ የተቀነሰ ታገኛላችሁ። ስህተት ነው። ስታገቡ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ለብቻው ይሰጣል። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞትም እንዲሁ 3 የሥራ ቀን አለ። ሚስቱ የወለደች አባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያገኛል። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፦ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ። የሕመም ፈቃድም የራሱ መስመር አለው። ከእነዚህ አንዱም ከዓመት ፈቃዳችሁ አይነካም።

በዓመት ፈቃድ ላይ እያላችሁ ብትታመሙስ? ያኔም የሕመም ፈቃድ ደንቡ ነው የሚሠራው። በማግስቱ አሳውቁ፣ የሐኪም ማስረጃ ያዙ፣ የታመማችሁባቸው ቀናት ከዓመት ፈቃዱ እንዳይቀነሱ በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ወረቀት ያዙ

አሠሪው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፈቃድ የሚያሳይ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ኤች አር ሄዳችሁ «ቀሪ ፈቃዴ ስንት ነው?» ማለት ሰው ማስቸገር አይደለም። ቁጥሩን በቃል ሲነግሯችሁ ግን አትውጡ። በኢሜይል ጠይቁ፣ በኢሜይል ይመልሱ። ኢሜይል የማትጠቀሙ ከሆነ ደብዳቤ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ የእናንተ ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም፣ ቢያንስ የተቀባዩን ፊርማ አስደርጉ። ያ ማህተም ያለበት ቅጂ ቤት ይቀመጥ። መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት የእናንተ አይደለም፤ የምትለቁ ቀን ቁልፉ ከእጃችሁ ይወጣል።

ፈቃድ የሞላችሁበትን ፎርም ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱ። የተፈቀደውንም የተከለከለውንም። የተከለከለው እንዲያውም ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሳትጠይቁ እንዳልቀራችሁ ያሳያል።

ደረጃ 4፦ ፈቃዱ ሲተላለፍ ዝም አትበሉ

አሠሪው የፈቃድ ፕሮግራም ማውጣት አለበት። ፕሮግራሙ የሠራተኛውን ፍላጎት በተቻለ መጠን ከድርጅቱ ሥራ ጋር ማስታረቅ አለበት። ፈቃዱ በመሠረቱ ሳይቆራረጥ የሚወሰድ ነው። እናንተ ጠይቃችሁ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። በእናንተ ጥያቄና በእሱ ስምምነት ወደ ሌላ ጊዜ ሊተላለፍም ይችላል። አሠሪው በሥራው ሁኔታ ምክንያት በራሱ ሊያስተላልፍም ይችላል።

ግን ወሰን አለው፦ ከሁለት ዓመት በላይ ማስተላለፍ አይቻልም። «ይቃጠላል» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው ይህን የሚያነበው ሠራተኛውን እንደሚያስፈራራ ደንብ አድርጎ ነው። እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። ክልከላው አሠሪውንም ይይዛል፦ ሰውን ሦስት አራት ዓመት ያለ እረፍት አታሠራ ማለት ነው። ሆኖም ክርክር ሲነሳ አሠሪው «አልጠየቀም፣ ጊዜው አልፏል» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ፈቃድ ስትወስዱ ከአሮጌው ጀምራችሁ ውሰዱ፤ ፎርሙ ላይም የትኛው ዓመት እንደሆነ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ «አሁን አይሆንም» ስትባሉ በዚያው ሳምንት እንዲህ ያለ አጭር ደብዳቤ አስገቡ፦

«ለሰው ኃይል አስተዳደር። ጉዳዩ፦ የተላለፈ የዓመት ፈቃድን ይመለከታል። የ2017 ዓ.ም. የዓመት ፈቃዴን ከ… እስከ … ለመውሰድ በቀን … ጠይቄ በሥራ ብዛት ምክንያት እንዲተላለፍ በቃል ተነግሮኛል። ቀሪ የፈቃድ ቀኔ … መሆኑ ተረጋግጦ፣ ፈቃዱ የተላለፈበት ምክንያትና የምወስድበት ጊዜ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ቁጣም ክስም የለበትም። መልስ ባይሰጧችሁ እንኳ ማህተም ያለበት ቅጂያችሁ ራሱ ማስረጃ ነው።

«ፈቃዴን ልሽጠው?» ለምትሉ

ይህን ጥያቄ በሳምንት አንዴ እሰማለሁ። ኑሮው ይገባኛል፤ 16 ቀን ቤት ከመቀመጥ የ16 ቀን ብር ይሻላል የሚል ብዙ ነው። ሕጉ ግን ሥራ ላይ እያላችሁ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ይከለክላል። «የዓመት ፈቃዴን ትቻለሁ» ብላችሁ የፈረማችሁት ውልም ዋጋ የለውም። ስለዚህ የቅጥር ውላችሁ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ አትደንግጡ፤ አያስራችሁም።

ገንዘብ የሚከፈልበት ሁኔታ ሁለት ነው። አንዱ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ነው። ሌላው ፈቃድ ላይ ሳላችሁ ስትጠሩ ነው። መጠራት የሚቻለው ደግሞ አስቀድሞ ያልታሰበ ነገር ገጥሞ እናንተ የግድ ስታስፈልጉ ብቻ ነው። ያኔ ለመንገድ የጠፋው ጊዜ ሳይታሰብ የቀረው ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል፤ በመጠራታችሁ ያወጣችሁትን የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪም አሠሪው ይሸፍናል። ጎንደር ቤተሰብ ጋ ሄዳችሁ በስልክ ከተጠራችሁ የአውቶቡሱን ትኬት አትጣሉት።

ደረጃ 5፦ ስትለቁ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ

ውሉ ሲቋረጥ ያልወሰዳችሁት ፈቃድ ይከፈላል። ራሳችሁ ብትለቁም፣ ብትቀነሱም፣ ውሉ ቢያልቅም። በጥፋት ያለማስጠንቀቂያ የተባረረ ሰውም ቢሆን የሠራበት ፈቃድ አለው። «አንተማ በጥፋት ነው የሄድከው፣ ምንም የለህም» የሚባለው ከንዴት የመጣ ነው፤ ሕጉ እንዲህ አይልም። የስንብት ክፍያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የራሱ መስፈርት አለው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ሲያወሯችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። መስከረም 1 ቀን 2013 የተቀጠረች ሴት የካቲት መጨረሻ 2018 ለቀቀች እንበል። 5 ዓመት ከ6 ወር ሠርታለች። አምስቱ ሙሉ ዓመታት 16፣ 16፣ 17፣ 17 እና 18 ናቸው፤ ሲደመሩ 84። ስድስተኛው ዓመት ሙሉ ቢሆን 18 ነበር፤ ግማሹን ስለሠራች 9። ጠቅላላው 93 ቀን ነው። በነዚህ ዓመታት 60 ቀን ወስዳለች። የቀራት 33 የሥራ ቀን ነው። ከአሮጌው እየጀመረች ስለወሰደች፣ የቀሩት የስድስተኛው ዓመት 9፣ የአምስተኛው 18 እና የአራተኛው 6 ቀን ናቸው። ከሁለት ዓመቱ ወሰን ያለፈ የለም።

ደመወዟ በወር 13,000 ብር ነው። ለ26 ሲካፈል የቀኑ 500 ብር ይሆናል። 33 ጊዜ 500፣ 16,500 ብር። ከዚህ ላይ የደመወዝ ግብር ይቆረጣል።

ለምን በ26? ፈቃዱ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ ደመወዙም በሥራ ቀን መካፈል አለበት። አዋጁ ራሱ ለፈቃድ ሲል 26 የአገልግሎት ቀንን እንደ አንድ ወር ይቆጥራል። አንዳንድ ፔይሮል ክፍል ለ30 ያካፍላል። ያኔ የዚህች ሴት የቀን ሒሳብ ወደ 433 ብር ወርዶ ጠቅላላው 14,300 ይሆናል፤ 2,200 ብር ጠፋ ማለት ነው። ሒሳቡ በምን እንደተካፈለ ሳታዩ አትፈርሙ። ደመወዝ ሲባል ደግሞ መሠረታዊው ነው፤ የትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን በሕጉ ደመወዝ ውስጥ አይገቡም።

ደረጃ 6፦ አወጣጣችሁን አሳምሩ

የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ተናዳችሁ ዛሬውኑ ጥላችሁ ብትወጡ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅባችሁ ይችላል፤ የሚቀነሰውም ካልተከፈላችሁ ቀሪ ሒሳብ ነው። የፈቃድ ብራችሁን የሚበላው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ደብዳቤውን አስገቡ፣ ቀኑን ቁጠሩ፣ ቻሉት።

በእጃችሁ ያለውን ላፕቶፕ፣ ቁልፍ፣ መሣሪያ፣ ያልተወራረደ ገንዘብ ሁሉ በርክክብ ፎርም አስረክቡ። ክሊራንሱን በሩጫ ጨርሱ። ምክንያቱም አሠሪው ደመወዝና ተያያዥ ክፍያዎችን ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ይህ ጊዜ የሚራዘመው ንብረት ወይም ገንዘብ በራሳችሁ ጥፋት ሳትመልሱ ስትዘገዩ ነው። ያንን ምክንያት በእጃቸው አትስጧቸው። በከፊሉ ብቻ ካልተስማማችሁ የተስማማችሁበት ገንዘብ በዚያው ጊዜ ይከፈላል፤ «መጀመሪያ ሙሉውን ተስማማ» አይባልም። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩ ደግሞ ፍርድ ቤት ለዘገየበት ጊዜ እስከ 3 ወር ደመወዝ እንዲከፈላችሁ ሊያዝ ይችላል።

ቼኩ ሲሰጣችሁ አብሮ «ከድርጅቱ ምንም የምጠይቀው የለኝም» የሚል ወረቀት ይመጣል። ሒሳቡ ካልገባችሁ በዚያ ቀን አትፈርሙ። መፈረም ግድ ከሆነ «የተከፈለኝን ብር … ተቀብያለሁ፤ የቀሪ ፈቃድ ክፍያ ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ነው» ብላችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ።

ደረጃ 7፦ ካልከፈሉ፣ 6 ወሩን አትርሱ

ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህ ነው፤ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ስላለፈ ብቻ የመጠየቅ መብታችሁ ይቀራል ማለት ነው። «ፋይናንሱ ፈቃድ ላይ ነው»፣ «በሚቀጥለው ወር ና»፣ «አለቃው ከውጭ ሲመለስ» እየተባላችሁ ስድስት ወር ሳታውቁት ያልቃል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ይርጋውን አያቆምም። የለቀቃችሁበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ሦስተኛው ወር ላይ ማስታወሻ ይጩህ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሒሳባችሁን አያይዛችሁ የጽሑፍ ጥያቄ አስገቡ። ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ማኅበር ካለ ማኅበሩን ይዛችሁ ተነጋገሩ፤ ብዙው እዚያ ያልቃል። ካልሆነ አካባቢያችሁ ያለው የሥራና ክህሎት ቢሮ የአሠሪና ሠራተኛ ክፍል ሂዱ፤ አሠሪውን ጠርተው ያነጋግራሉ። እዚያም ካልተፈታ ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት፣ ክልል ከሆናችሁ የአካባቢያችሁ የመጀመሪያ ደረጃ ወይም የወረዳ ፍርድ ቤት።

ፍርድ ቤት ሲባል ብዙ ሰው ወጪውን ፈርቶ ይቀራል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ሴቶች ከኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። አቤቱታው ላይ የተቀጠራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ ደመወዛችሁ፣ የወሰዳችሁትና የቀራችሁ ፈቃድ፣ የምትጠይቁት ብር እና ለዘገየበት የምትጠይቁት ክፍያ በግልጽ ይቀመጥ። የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የርክክብ ፎርም፣ ማህተም ያለባቸው ቅጂዎቻችሁ ይያያዙ። የፈቃድ መዝገቡ በአሠሪው እጅ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብላችሁ በአቤቱታው ላይ ጠይቁ።

አዋጁ ለችሎቱ የሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ቀጠሮ ግን ሊጨምር ስለሚችል አዲስ ሥራ ላይ ካላችሁ ከአሁኑ አለቃችሁ ጋር ተነጋገሩ። ውሳኔው ካላስደሰታችሁ ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ፈርዶላችሁ አሠሪው ዝም ካለ ደግሞ የውሳኔውን ግልባጭ በማህተም አውጥታችሁ ፍርዱ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ። የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ ወይም ንብረት የት እንዳለ የምታውቁ ከሆነ እዚያው ላይ ጻፉት፤ ፍርድ ቤቱ በቀጥታ እንዲያዝበት ያደርጋል።